ጅማ ላይ ባሕር፦ የጨው ውሃ አኳሪየም ማስታወሻዬ

ሐምሌ 24

ሥራዬ ፍሪጅና የቡና ማሽን መጠገን ነው። ስለ ዓሣ የማውቀው ጥብሱን ብቻ ነበር። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካፌ ያላቸው ሀጂ (ማሽናቸውን የምሠራላቸው እኔ ነኝ) ደውለው "ና እስቲ አንድ ነገር አለ" አሉኝ፣ ስደርስ አንድ ሜትር በሃምሳ ሳንቲም በሃምሳ ሳንቲም የሆነ የመስታወት ሳጥን ከነካርቶኑ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ዱባይ ያለው ልጃቸው ነው የላከው፣ አብሮ ፓምፕ፣ ሂተር፣ ስኪመር (የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣ)፣ ሁለት ባልዲ የባሕር ጨው፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ ምናምን ምናምን። "ሀጂ ይሄ እኮ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት ነው፣ የጨው ውሃ ነው" ስላቸው "እና? አንተ ውሃ ታውቃለህ፣ መብራት ታውቃለህ፣ ማቀዝቀዣ ታውቃለህ፣ ሌላ ምን ቀረ?" አሉኝ። ምን እንደቀረ ይሄው እየጻፍኩ ነው።

ካፌው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ "የባሕር በር ጅማ ገባ" እያለ ይስቃል። ይሳቅ።

መጀመሪያ ያሳሰበኝ ክብደቱ ነው። ሞልቶ 250 ሊትር ይይዛል፣ ውሃው ብቻ ሩብ ቶን ማለት ነው፣ ድንጋዩና አሸዋው ሳይቆጠር። ሀጂ የኬክ ፍሪጁ ላይ እናስቀምጠው ብለው ነበር። ብረት በያጅ ጋ ሄደን አራት እግር ማቆሚያ አሠራን፣ ጨው ብረት እንደሚበላ ስለማውቅ ሁለቴ ፀረ ዝገት አስቀባሁት። ሶኬቶቹን ከውሃው ራቅ አድርጌ ነው የሠራኋቸው፣ ገመዱ ሁሉ መጀመሪያ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ከዛ ወደ ላይ ዞሮ ነው የሚገባው፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ እታች ይንጠባጠብ እንጂ ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ። ይሄን እንኳን ማንም ሳያስተምረኝ አውቀዋለሁ።

ሐምሌ 28

ውሃ። የቧንቧውን በቀጥታ መጠቀም አይቻልም፣ አንደኛ ክሎሪን አለው፣ ሁለተኛ የተሟሟ ነገር አለው፣ ሲልኬት ምናምን፣ እሱ ደግሞ አልጌ ይቀልባል። ባሕር ማዶ ያሉት ማጣሪያ ማሽን ነው የሚጠቀሙት። እኔ ግን ጅማ ነኝ፣ ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ ራሱ የተጣራ ውሃ እያወረደ ነው!

በሐሳቤ ተደስቼ ከካፌው ቆርቆሮ አሸንዳ ሥር በርሜል ልደቅን ስል ቆም አልኩ። ቆርቆሮው ዚንክ የተቀባ ነው። ለእኛ ምንም አይደለም፣ ቀንድ አውጣና ሸርጣን የመሳሰሉትን ግን ዚንክና መዳብ በትንሹም ይገድላቸዋል። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ አዲስ የላስቲክ ሸራ በአራት እንጨት ወጥሬ መሐሉን አጎደጎድኩትና ከሥሩ ሮቶ አስቀመጥኩ፣ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲሄድ እደፋዋለሁ፣ ከዛ ነው የምሰበስበው። የተሟሟ ነገር በምትለካዋ መሣሪያ የቧንቧው 118 ሲያሳይ የዝናቡ 6 አሳየ። በአራት ቀን 300 ሊትር ሞላን። ዘበኛው አባባ ሸራውን እያዩ "ለቡና ቢሆን ኖሮ ገባኝ" አሉ።

ነሐሴ 2

ጨው በጠበጥን። ለአንድ ሊትር 37 ግራም ገደማ፣ ድንጋዩና አሸዋው ቦታ ስለሚይዙ የሚገባው ውሃ 200 ሊትር ነው፣ ስለዚህ 7 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ጨው። ሀጂ ዋጋውን ሲሰሙ "የአፋር ጨው በኪሎ ስንት ሆኖ ነው ከዱባይ ጨው የምናስመጣው?" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር። ግን የወጥ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው በቃ፣ አዮዲን ተጨምሮበት። ባሕር ውስጥ ካለው ጨው ሶዲየምና ክሎሪን 85 በመቶ ገደማ ናቸው፣ ቀሪው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌት ነው፣ ዓሣውም ድንጋዩ ላይ የሚያድገው ነገርም ያለ እሱ አይሆንላቸውም።

አበጣበጡ ላይ አንድ ነገር፦ ጨዉን ውሃ ላይ ነው የሚጨምሩት እንጂ ውሃውን ጨው ላይ አይደለም፣ አለዚያ ካልሲየሙ ነጭ ዱቄት ሆኖ እታች ይቀራል። ፓምፕና ሂተር ጨምሬበት አንድ ቀን ሙሉ ሲዞር አደረ። በማግስቱ በሪፍራክቶሜትር (የጨው መጠን መለኪያ ናት) ሳየው 35 በሺህ፣ ልክ ነው። ጠብታዋን መስታወቱ ላይ ጥለህ በአንድ ዓይን ወደ ብርሃን ታያለህ፣ ከላይ ሰማያዊ ከታች ነጭ፣ የሚገናኙበት መስመር ቁጥሩን ይነግርሃል። አስተናጋጆቹ ተራ በተራ አዩ።

አሸዋው ላይም ክርክር ነበረ። ሀጂ ከጊቤ ወንዝ አሸዋ እናምጣ አሉ፣ እኔ ደግሞ ኮምጣጤ አምጥቼ ሁለቱም ላይ ጠብ አደረግኩ፣ ከዱባይ የመጣው ፈላ፣ የወንዙ ዝም። የሚፈላው ኖራ ያለበት ነው፣ ለባሕር ውሃ እሱ ይስማማል። ዝም አሉ።

ነሐሴ 5

ሰው ሁሉ "ዓሣው የታለ?" ይላል። ባዶ ውሃና ድንጋይ መብራት በርቶለት ሲዞር ያያሉ፣ እብድ ነው የሚመስላቸው መሰለኝ።

ነገሩ እርሾ በለው። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፣ የተረፈ ምግቡም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፣ እሱም መርዝ ነው፣ ሌላው ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፣ እሱ በጣም ካልበዛ ብዙ አይጎዳም፣ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋዩና አሸዋው ላይ ነው የሚሰፍሩት፣ ለመራባት ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ሊጥ አቡክተህ የዛኑ ቀን እንጀራ አትጋግርም፣ በቃ እሱ ነው።

ባክቴሪያው እንዲነሳ የሚበላው ስጠው ይላሉ። ከግልገል ጊቤ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ከሚሸጡት ገዝቼ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ በአሮጌ ስቶኪንግ ቋጥሬ አንጠለጠልኩ። ቀሪውን ጠብሰን በላን።

ነሐሴ 14

አሞኒያ 4 (በሊትር ሚሊግራም)። የቴስቱ ቱቦ ቢጫ ከሆነ ዜሮ ነው፣ አረንጓዴ እየሆነ ሲሄድ እየጨመረ ነው። ዛሬ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ካፌው ሽታ ሽታ አለው፣ ቆሮሶዋን አወጣኋት።

ነሐሴ 26

አሞኒያው ወደ 0.5 ወርዷል፣ የናይትራይቱ ቱቦ ግን ወይን ጠጅ ቀለም ሆነ፣ ከፍ ብሏል ማለት ነው። እንደተባለው ነው እየሄደ ያለው። ምንም አልነካሁም። በርጩማዬን ይዤ ፊቱ ቁጭ ብዬ ባዶ ድንጋይ እያየሁ ሻይ ጠጣሁ፣ የሚገርመው ያረጋጋል።

ጳጉሜ 4

ናይትራይት አልወርድ አለኝ። ሀጂ "አዲስ ዓመት ያለ ዓሣ ሊገባ ነው?" አሉ። አዎ ሀጂ ሊገባ ነው።

መስከረም 9

ሁለቱም ዜሮ! አሞኒያ ቢጫ፣ ናይትራይት ሰማያዊ። አምስት ሳምንት ፈጀ። ናይትሬቱ በጣም ከፍ ብሎ ነበርና ግማሹን ውሃ ቀየርኩ።

በዛው ሰሞን ደግሞ አሸዋውና መስታወቱ ላይ ቡና ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ቡናማ ነገር ወጣ። ደነገጥኩ፣ ከዛ ሳነብ ዳያቶም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፣ አዲስ አኳሪየም ሁሉ ያልፍበታል፣ ሲልኬቱን በልቶ ሲጨርስ ራሱ ይሄዳል። እጄ እየበላኝም ቢሆን ተውኩት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጠፋ።

መስከረም 18

መጡ! ሁለት ክላውን ፊሽ፣ ሦስት አረንጓዴ ክሮሚስ፣ ስድስት ቀንድ አውጣ። ልጁ ወረቀታቸውን ጨርሶ ከዱባይ አዲስ አበባ፣ ከዛ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር። ከፌስታል ፌስታል ውስጥ ሆነው አንድ ቀን ከግማሽ።

እዚህ ጋ ልሳሳት ነበር። ብዙ ሰው የሚለው የአኳሪየሙን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ማለማመድ ነው። ረጅም መንገድ ለመጣ ዓሣ ግን ይሄ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ፌስታሉ ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል፣ የተነፈሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ውሃውን አሲድ ስላደረገው አሞኒያው ብዙ አይጎዳም፣ ፌስታሉን ስትከፍተው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲነሳ አሲድነቱ ቀነሰ ማለት ነው) ይነሳል፣ ያ ሁሉ አሞኒያ በአንዴ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ሳልከፍት ለ20 ደቂቃ አንሳፍፌ ሙቀቱን አስተካከልኩ፣ ጨውነቱን በሌላ ባልዲ ቀድሜ ከእነሱ ጋ አመሳስዬ ነበር፣ ከፈትኩ፣ በመረብ አነሳኋቸው፣ የፌስታሉን ውሃ ደፋሁት። መብራት አጠፋሁ።

ካፌው ጸጥ። ከዛ ትልቋ ክላውን ከድንጋዩ ሥር ብቅ ስትል አጨበጨቡ፣ ወላሂ አጨበጨቡ።

ትልቋ ያልኩት ሴቷ ስለሆነች ነው። ክላውን ፊሽ ሲወለድ ሁሉም ወንድ ነው፣ ከቡድኑ ትልቁ ነው ሴት የሚሆነው፣ ሴቷ ከሞተች ደግሞ ባልየው ሴት ይሆናል። ይሄን ለሀጂ ስነግራቸው "አስተግፊሩላህ" ብለው ሻያቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ።

መስከረም 25

ስኪመሩ ሥራ ጀመረ። ቀጫጭን የአየር አረፋ ውሃው ውስጥ ይለቃል፣ ቅባትና ፕሮቲኑ አረፋው ላይ ይጣበቃል፣ አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ኩባያው ውስጥ ይወድቃል። ኩባያውን ስታወጣው ሽታው ያስለቅሳል፣ ግን ያ ሁሉ ሳይበሰብስ የወጣ ቆሻሻ ነው። እኛ ቤት መለኪያው ቡና ሆኗል፦ ኩባያው ውስጥ ያለው በረካ ከመሰለ ውሃ ብቻ እያወጣ ነው፣ ከፍታውን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ አቦል ከመሰለ በጣም ወፍሯል ትንሽ ነው የሚወጣው፣ ቶና ሲመስል ልክ ነው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ይሄን ከሰማች ወዲህ "ዛሬ ምን ላይ ነው?" ትለኛለች። አንድ ደንበኛ ግን ማኪያቶውን ትቶ ወጣ።

ቡናው ራሱ ችግር አለው። ከሰዓት በኋላ ከሰሉ ተያይዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ ፒኤች ስለካ 7.8፣ ጠዋት ሰው ሳይገባ ግን 8.2። ስኪመሩ የቤቱን አየር ስለሚስብ የከሰሉንም የሰዉንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ እያስገባ ነው። የአየር ቱቦውን በመስኮት አሳልፌ ውጭ አወጣሁት፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓቱም 8.1 ሆነ። አንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ነው የፈጀው።

አየር ካነሳን፣ ጅማ ከባሕር ወለል ወደ 1,750 ሜትር ከፍ ያለች ናት፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዛው ልክ ያንሳል። የጨው ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው ከጨው አልባው ያነሰ ነው የሚይዘው። ፓምፑን ወደ ላይ አዙሬ የውሃውን ፊት እንዲያንቀጠቅጥ አደረግኩት፣ መስታወት የመሰለ ፊት ያማረ ቢመስልም አንፈልገውም።

ጥቅምት 8

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አላስተባብልም። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይተናል። እኔ ደግሞ የጎደለውን ከበጠበጥኩት የጨው ውሃ ስሞላ ነበር፣ የባሕር ውሃ ነው የጎደለው ብዬ። የተነነው ግን ውሃው ነው፣ ጨዉ አይተንም፣ እዛው ነው! በሦስት ሳምንት ከ35 ወደ 40 ወጣ። ቀይ ባሕር ሆነ ማለት ነው፣ እዛ ይሄን ያህል ነው፣ ግን እነዚህ የለመዱት አይደለም። ክሮሚሶቹ ቀለማቸው ደብዝዞ ጥግ ይዘው ነበር፣ ብርድ ነው ስል ነበር። በአንዴ ማውረድም ይጎዳቸዋል፣ በአምስት ቀን በዝናብ ውሃ ቀስ እያደረግኩ መለስኩት። አሁን መስታወቱ ላይ በማርከር መስመር አስምሬያለሁ፣ ከመስመሩ ዝቅ ሲል ዝናብ ብቻ።

ጥቅምት 21

ምግብ። ከዱባይ የመጣው ደረቁ ፍሬ ፍሬ ምግብ አለ፣ ዋናው እሱ ነው፣ ግን ሁሌ እሱ ብቻ አይሆንም። የቀዘቀዘ የባሕር ምግብ እዚህ የት ይገኛል። የሀጂ ልጅ አርቴሚያ የሚባል ደቃቅ የጨው ውሃ ፍጡር የደረቀ እንቁላል ልኮልኝ ስለነበር እሱን መፈልፈል ጀመርኩ።

ሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ ገለበጥኩት፣ ክዳኑን በስቼ ቀጭን የአየር ቱቦ አስገባሁ፣ አንድ ሊትር ውሃ፣ 30 ግራም ጨው። እዚህ ላይ አዮዲን የሌለው የአፋር ጨው ይሠራል፣ ሀጂ ድል አደረጉ። ግማሽ ሻይ ማንኪያ እንቁላል፣ አምፖል አጠገቡ፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ። በማግስቱ ብርቱካናማ ጭጋግ ይመስል ነበር፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ጭጋጉ ራሱ እየዋኘ ነው። አየሩን አጥፍተህ ከታች በኩል ባትሪ ስታበራበት ሁሉም ወደ ብርሃኑ ይወርዳሉ፣ ባዶው ቅርፊት ላይ ይንሳፈፋል። በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ ጨዋማውን ውሃ ደፍቼ ሰጠኋቸው። ክላውኗ ያበደች ነው የምትመስለው፣ አንድ በአንድ እየተከተለች። ከተፈለፈሉ በዛው ቀን መስጠት ነው፣ ካደሩ በሆዳቸው የያዙትን ስንቅ ጨርሰው ባዶ ናቸው።

ደንቡ፦ በቀን ሁለቴ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል። ሆዳቸው ዓይናቸውን እንደሚያክል አስብ፣ ስንት ሊገባ ነው።

ኅዳር 4

ናይትሬት 5። እንዴት ያማረ ውሃ ነው ብዬ ኮራሁ።

ኅዳር 11

ኩራቱ ይቅር። የናይትሬት ቴስቱ ሁለተኛ ጠርሙስ ከሥሩ የሚዘቅጥ ነገር አለው፣ 30 ሴኮንድ በኃይል ካልነቀነቅከው ውሸት ነው የሚነግርህ። ጠረጴዛ ላይ ደብደብ አድርጌ ነቅንቄ ስለካ ቱቦው ደም መሰለ። 80! መስታወቱም በሁለት ቀን አረንጓዴ ይለብሳል፣ አሸዋው ላይ ደግሞ ቀይ ለሐጭ የመሰለ ነገር ተዘርግቷል፣ ስታነሳው እንደ ጨርቅ ነው የሚነሳው።

20 ሊትር ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ሌላ 40 ሊትር። ትንሽ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ምግቡን በቀን አንድ ጊዜ አደረግኩት፣ አሁንም ያው። የሆነ ቦታ የሞተ ነገር አለ ብዬ ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሳሁ፣ ቀንድ አውጣ ቆጠርኩ፣ ስድስቱም አሉ። አርቴሚያውን ጠረጠርኩ፣ ተውኩት። ምንም።

ኅዳር 16

አገኘሁት። የፊልተሩን ከረጢት ላጥብ ገልብጬ ሳራግፍ አንድ እርጥብ የተልፈሰፈሰ ቁራጭ እጄ ላይ ቀረ። ወደ መብራት አድርጌ አየሁት። ዓይን አለው። የእንጀራ ዓይን። አሸተትኩት፣ እርሾው ሁሉ አልጠፋም።

ማታ ካፌው ከተዘጋ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ዘበኛው አባባ ራታቸውን ይዘው በርጩማው ላይ፣ ክዳኑን ገፋ አድርገው በሁለት ጣታቸው ፍርፍር እያደረጉ ነው፣ በኦሮምኛ ያወሯቸዋል፣ "ቁርጡሚ ኬኛ" (ዓሣችን) እያሉ። ዓሣዎቹ ደግሞ እኔን ሲያዩ እንዲህ አይሆኑም፣ አራቱም አፋቸውን ከውሃው አውጥተው እየጠበቋቸው።

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እየበላሁ ነዋ።"

"እነሱስ?"

"እነሱም።" ዝም ካሉ በኋላ "እኔ ፊታቸው ተቀምጬ ብቻዬን ልበላ ነው እንዴ? ዓይን ለዓይን እየተያየን? እንግዶች ናቸው፣ ከስንት አገር መጥተው። አንተ ደግሞ አንዴ ነው የምትሰጣቸው፣ ያውም ቁንጥር፣ ቀንሰህባቸዋል አይቻለሁ" አሉኝ።

ምን ትላለህ። ለካ እኔ ስቀንስ እሳቸው ሲያካክሱ ነው የከረሙት። ሁለት ወር ሙሉ በየማታው። እሳቸው ብቻም አይደሉም፣ ሲጣራ አስተናጋጇ ዳቦ፣ የደንበኛ ልጆች ከቡናው ቁርስ ፈንዲሻ፣ ሀጂ ራሳቸው አንድ ቀን ተምር "ቀምሰው ይሆናል" ብለው። እዚህ ሰው "ጠግቤያለሁ" ሲልህ እንኳን ሦስቴ ትለምነዋለህ፣ የማይናገር ዓሣ ማን ጠገበ ይላል?

እጄ ላይ የነበረውን ቁራጭ አሳየኋቸው። "ይሄን አልበሉትም አባባ፣ ይሄ ከረጢት ውስጥ በስብሶ ነው ያገኘሁት። እርስዎ ለዓሣው ነው የሰጡት መሰለዎት፣ የበላው ግን ውሃው ነው፣ ውሃውን ደግሞ እነሱ ይተነፍሱታል።" የቴስቱን ቱቦ ቀዩን አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። "ይሄ እኔ ነኝ?" አሉ። ሁላችንም ነን አልኳቸው። በዛ ሳምንት አንዱ ክሮሚስ ሞቶ ነበር፣ እሱን ግን አልነገርኳቸውም፣ ይገርማል ራሳቸው ቆጥረው ኖሯል።

ኅዳር 18

ፋርማሲ ሄጄ የሳምንት መድኃኒት ማስቀመጫዋን ገዛሁ፣ ሰኞ ማክሰኞ እያለች ጠዋትና ማታ ክፍል ክፍል ያላትን። በየክፍሉ ልክ የሚበቃቸውን እሞላለሁ እሑድ እሑድ፣ የሐሙስ ማታዋን ባዶ ተውኳት፣ አንድ ማታ ቢያልፋቸው ምንም አይሆኑም። ለአባባ ሰጠኋቸው። ከዛሬ ጀምሮ የሚያበላው እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ሌላ ሰው እጁን ከሰደደ እሳቸው ይቆጡታል። ክዳኑ ላይም ትንሽ ቁልፍ አለ፣ ቁልፉ እሳቸው ጋ። ሀጂም ቢሆኑ መጠየቅ አለባቸው፣ ጠይቀው ያውቃሉ፣ ተከልክለዋል።

ቀዩን ለሐጭ በቱቦ እየሳብኩ አወጣሁት፣ በየሳምንቱ 20 ሊትር፣ ናይትሬት 40፣ ከዛ 25።

ታኅሣሥ 21

ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ካፌው ከተዘጋ አይነሳም። አባባ በ7 ሰዓት ደወሉልኝ፣ "ውሃው ቆሟል" አሉ፣ "መብራት ጠፋ" እንኳን አላሉም። የታኅሣሥ ብርድ ታውቃላችሁ፣ ውጭው 10 ዲግሪም አይሞላም።

ከሁሉ የሚቀድመው አየር ነው፣ ሙቀት አይደለም። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ዓሣውም ድንጋዩ ላይ ያለው ባክቴሪያም ኦክስጅን ያልቅበታል። አሮጌ የመኪና ባትሪና ትንሽ ኢንቨርተር አዘጋጅቼ ነበር፣ ሂተሩ 200 ዋት ስለሆነ ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ የአየር ፓምፗ ግን 5 ዋት ናት፣ እስኪነጋ ትሠራለች። እሷን ብቻ ሰካሁ። ለሙቀቱ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ክዳናቸውን አጥብቄ አንሳፈፍኩ። ዞር ስል አባባ ጋቢያቸውን አውልቀው መስታወቱን እያለበሱት ነው። "እርስዎስ?" ስላቸው "እኔ እሳት አለኝ" አሉ።

ጠዋት 3 ሰዓት መጣ። ከ25.5 ወደ 22.8 ነበር የወረደው። ሁሉም አሉ።

ጥር 15

ጽዳት ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። መስታወቱን የማጸዳው በማግኔት ነው፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ። ወደ አሸዋው ጠጋ አድርጌ ስስበው አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መሐሉ ገብታ ኖሮ ጭርርር አለ፣ ጣት የምታህል ጭረት ፊት ለፊት። አሁን ከሥር ከሥሩ ያለውን በማግኔት አልነካውም፣ ጊዜው ባለፈ ኤቲኤም ካርዴ ነው የምፍቀው፣ ከማግኔቱም በላይ ያነሳል። ሀጂ ጭረቱን እስካሁን አላዩም፣ የቡና ማሽኑ ጋ ሆነው ስለሚያዩ መብራቱ ይደብቅልኛል።

አስተናጋጆቹን ያስማልኳቸው ነገር፦ ውጩን በረኪና በነካው ጨርቅ እንዳይወለውሉ፣ ቤቱ ውስጥ የበረሮ ስፕሬይ እንዳይነፋ። የኔም እጅ ሳሙና ካለው ክርኔ ድረስ ታጥቤ አጥቤ ነው የምገባው።

የካቲት 6

ናይትሬት 10፣ አሞኒያ ዜሮ፣ ጨው 35። ክላውኖቹ የድንጋዩን አንድ ገጽ በአፋቸው ሲያጸዱ ሰነበቱ፣ እንቁላል ሊጥሉ ይሆናል። አባባ ወሬውን ከሰሙ ጀምሮ ለአራስ የሚገባ ነገር መጨመር አለበት እያሉ ነው፣ ለእሑዱ ሙሌት ሁለት ቀን ላይ አርቴሚያ እጨምራለሁ ብዬ ተስማማን፣ ሁለት ቀን ብቻ። ሀጂ ደግሞ ቢጫ ትልቅ ዓሣ ልጃቸውን ሊያዙ ነው፣ 200 ሊትር ለእሱ ጠባብ ነው ብያለሁ፣ ነገ እንከራከራለን። የዝናቡ ሮቶ ወደ ግማሽ ወርዷል፣ እስከ በልጉ ያደርሰናል። የነገው 20 ሊትር ከማታ ጀምሮ ተበጥብጦ እየዞረ ነው።